የአልሞንድ ኩኪስ በማርማላታ፦ አንድ ጊዜ ጋግሮ ለገናም ለጥምቀትም

ኅዳር ተጋምሶ የገና ጾም ሲገባ ስልኬ ላይ አንድ ጥያቄ መመላለስ ይጀምራል። «ያ ሁለት ሆኖ የሚጣበቀው፣ መሀሉ ላይ ቀይ ማርማላታ የሚታየው ኩኪስ እንዴት ነው የሚሠራው?» በዓሉ ሲያልፍ ደግሞ ሁለተኛው ይከተላል። «ስጋግረው ቆንጆ ነበር፤ ለእንግዳ ላቀርበው ስል ግን ረጥቦ ጠበቀኝ። ምን አጥፍቼ ነው?» ለእያንዳንዱ ሰው በድምፅ መልእክት ከማስረዳ ሁለቱንም እዚህ በቅደም ተከተል ላስቀምጥላችሁ።

ኩኪሱ ሊንዘር ይባላል። ኦስትሪያና ጀርመን አገር ለገና ከሚጋገሩት አንዱ ነው። ሊጡ ውስጥ የተፈጨ አልሞንድ አለ። ላይኛው ኩኪስ መሀሉ ቀዳዳ ነው፤ በቀዳዳው ማርማላታው ይታያል። ሥራው ከባድ አይደለም። ሊጡ ሁልጊዜ ቀዝቃዛ ይሁን፤ ማርማላታው ውሃው ይውጣለት፤ መሙላቱ ደግሞ ለመጨረሻ ይቆይ። የሚበላሽባቸው ሰዎች ከእነዚህ አንዱን የዘለሉ ናቸው።

መጀመሪያ ቀኑን አስሉ

ጎንደር ላይ የገና ድግስ ተነሣ ሲባል የጥምቀቱ ይተካል። ከታኅሣሥ 29 እስከ ጥር 11 ያለው 12 ቀን ብቻ ነው። ለጥምቀት ደግሞ ከየአገሩ የሚመጣው ዘመድ ቤቱን ይሞላዋል፤ ያን ጊዜ ኦቨን ሥር ቆሞ መዋል የማይታሰብ ነው። ጥሩነቱ፣ ያልተሞላው ደረቅ ኩኪስ በደንብ ከተከደነ ሁለት ሳምንት ይቆያል። ስለዚህ ልኬቱን እጥፍ አድርጋችሁ አንድ ጊዜ ጋግሩ። ግማሹን ለገና ሙሉት፤ ግማሹን ሳትሞሉ ለጥምቀት አስቀምጡት።

እኔ የምመክረው አካሄድ ይህ ነው፦

- ታኅሣሥ 25፦ አልሞንዱን መላጥና መቁላት፣ ማርማላታውን ማወፈር
- ታኅሣሥ 26 ማታ፦ ሊጡን ሠርቶ ፍሪጅ ማሳደር
- ታኅሣሥ 27 ጠዋት፦ መዳመጥና መጋገር
- ታኅሣሥ 28 ማታ፦ የገናውን መሙላት
- ጥር 10 ጠዋት፣ ታቦት ለመሸኘት ከመውጣታችሁ በፊት፦ የጥምቀቱን መሙላት

ገና ታኅሣሥ 28 በሚውልበት ዓመት የገናውን ሥራ ሁሉ አንድ ቀን አስቀድሙት።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ይህ ሁሉ የሚሠራው ጾም ላይ ነው፤ ቅቤና እንቁላል ያለበትን ሊጥ ቀምሶ ማስተካከል የለም። በዓይን ግምት የምትሠሩ ጎበዞች ብትሆኑም ለዚህ ኩኪስ ሚዛን ተጠቀሙ።

የሚያስፈልገው ነገር

ለሊጡ (ወደ 30 ድርብ ኩኪስ ይወጣዋል)፦

- ፉርኖ ዱቄት 250 ግራም
- ጥሬ አልሞንድ 125 ግራም
- ጨው የሌለው የገበታ ቅቤ 200 ግራም
- ዱቄት ስኳር 100 ግራም
- የእንቁላል አስኳል 2፤ የሐበሻ እንቁላል ከሆነ 3
- የተፈጨ ቀረፋ 1 የሻይ ማንኪያ
- የተፈጨ ቅርንፉድ አንድ ቁንጥር
- ጨው ሩብ የሻይ ማንኪያ
- ቫኒላ 1 የሻይ ማንኪያ
- የ1 ሎሚ ልጣጭ፣ አረንጓዴው ብቻ ተፈቅፍቆ

ለመሀሉ፦ የእንጆሪ ማርማላታ 250 ግራም፣ የሎሚ ጭማቂ 1 የሾርባ ማንኪያ።

ለላዩ፦ ዱቄት ስኳር 3 የሾርባ ማንኪያ።

ዕቃ፦ ሚዛን፣ ጎድጓዳ ሳህን፣ ወንፊት፣ መዳመጫ፣ የመጋገሪያ ወረቀት፣ ሁለት የኦቨን ትሪ፣ ብሌንደር ወይም ቡና መፍጫ፣ የሻይ ማጥለያ፣ ክዳኑ ጥብቅ የሆነ ቆርቆሮ። የኩኪስ ቅርጽ ማውጫ ከሌላችሁ አትጨነቁ። አፉ ስስ የሆነ የሻይ ብርጭቆ ትልቁን ክብ ያወጣል፤ የሃይላንድ ክዳን ደግሞ የመሀሉን ቀዳዳ። ክዳኑን በሙቅ ውሃና በሳሙና እጠቡት።

ስለ ቅቤው ትንሽ ላብራራ፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። የተነጠረ ቅቤ አይሆንም። ኮሰረቱና ኮረሪማው አልሞንዱን ይውጠዋል። በዚያ ላይ ሲነጠር ውሃው ስለወጣ ሊጡ አይያያዝም፣ ይፈረፈራል። የገበያ ለጋ ቅቤ ብቻ ካላችሁ ግን ይቻላል፦ በበረዶ ቀዝቃዛ ውሃ ደጋግማችሁ እሹት፤ ውሃው ጥርት ብሎ እስኪወጣ ድረስ። የሚኮመጥጠውና የሚሸተው ውስጡ የቀረው አሬራ ነው። ከዚያ ውሃውን በደንብ ጨምቁና መዝኑት። እውነቱን ለመናገር፣ የተገኘ እንደሆነ የገበታ ቅቤ ይሻላል።

አልሞንድ ውድ ነው። ዋጋው አልቀመስ ካለ ኦቾሎኒ ተጠቀሙ። ኦቾሎኒ ጣዕሙ ኃይለኛ ስለሆነ ሊንዘርነቱ ይቀራል፤ ግን ጥሩ ኩኪስ ይወጣዋል። ዘይቱ ስለሚወጣ ቅቤውን 20 ግራም ቀንሱ። ግማሽ ኦቾሎኒ ግማሽ አልሞንድ ማድረግም ያስኬዳል።

ዱቄት ስኳር ካጣችሁ ተራውን ስኳር በብሌንደር አልማችሁ ፈጭታችሁ ንፉት። ተራውን እንዳለ አትጨምሩ። ሊጡ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ትንሽ ስለሆነ ፍሬው አይሟሟም፤ ኦቨን ውስጥ ሲቀልጥ ኩኪሱን ቅርጹን ያስለቅቀዋል።

ቤኪንግ ፓውደር ዝርዝሩ ውስጥ የለም፤ ረስቼው አይደለም። ይህ ኩኪስ እንዲነፋ አንፈልግም። ጎንደር ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ የሚነፋ ነገር ይበልጥ ይነፋል። ቀዳዳው ይደፈናል፣ ሁለቱ ኩኪስ አይገጣጠምም።

አሠራር

1. አልሞንዱን ላጡ። ውሃ አፍሉና አልሞንዱን ለ1 ደቂቃ ንከሩት። አጥልላችሁ ቀዝቃዛ ውሃ አድርጉበት። አንድ በአንድ በጣት ጫን ስትሉት ከልጣጩ ሾልኮ ይወጣል። ከ1 ደቂቃ በላይ አታቆዩት፤ ውሃ ይጠጣል። ልጣጩ ጎጂ አይደለም፤ ኩኪሱን ቡናማ ነጠብጣብ ያደርገዋል፣ ትንሽም ይመራል። ጊዜ ከሌላችሁ ሳትልጡ ቀጥሉ፤ ማንም አይከሳችሁም።

2. አድርቁና ቁሉት። ትሪ ላይ ዘርጉና በ170 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ8 እስከ 10 ደቂቃ ኦቨን ውስጥ አቆዩት። ሽታው ወጥ ቤቱን ሲሞላ ይበቃዋል። ከወጣም በኋላ በራሱ ሙቀት መቅላቱን ይቀጥላል፤ ስለዚህ ጥቂት ሲቀረው አውጡት። መቁላቱ ሁለት ጥቅም አለው፦ ከመላጡ የቀረውን እርጥበት ያወጣል፣ ጣዕሙንም ያጎላል። ከዚያ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። ሞቅ እንዳለ ከተፈጨ ዘይቱን ይለቅና ዱቄት መሆኑ ቀርቶ ሊጥ ይሆናል።

3. ከዱቄት ጋር ፍጩት። ከ250 ግራሙ ዱቄት 3 የሾርባ ማንኪያ ወስዳችሁ ከአልሞንዱ ጋር ጨምሩ። ዱቄቱ የሚወጣውን ዘይት ይመጠዋል። መፍጫውን አንድ ሁለት ሰከንድ እያስነሣችሁ እያቆማችሁ ፍጩ። ዝም ብላችሁ ከለቀቃችሁት መፍጫው ይሞቃል፣ አልሞንዱም ቅባት ይሆናል። በወንፊት ንፉት፤ የቀረውን ሻካራ መልሳችሁ ፍጩ። ቁርጥራጭ ከቀረ ስትዳምጡ ሊጡን ይቀደዋል። በቡና መፍጫ የምትፈጩ ከሆነ ቀድማችሁ እፍኝ ሩዝ ፍጩበትና ጥረጉት፤ የቡናውን ሽታ ይዞ ይወጣል። በርበሬ የተፈጨበት ከሆነ ግን ተዉት፣ ከጎረቤት ተዋሱ።

4. ማርማላታውን አወፍሩት። ሁለተኛው ጥያቄ የሚመለሰው እዚህ ነው። ከሱቅ የምንገዛው ማርማላታ ለዳቦ የተሠራ ነው፤ ውሃ አለው። ውሃው ኩኪሱ ውስጥ ይሰርጋል፤ ኩኪሱ የሚረጥበው በዚህ ነው።

ማርማላታውን በወንፊት አሳልፉና ከሎሚ ጭማቂው ጋር ትንሽ ድስት ውስጥ አድርጉ። በመካከለኛ እሳት፣ ሳታቋርጡ እያማሰላችሁ ከ5 እስከ 8 ደቂቃ አፍሉት። ሎሚው ጣፋጩን ይሰብረዋል። ማርማላታው እንዲረጋም ያግዛል፤ ፍሬው ውስጥ ያለው ፔክቲን የሚባለው አርጊ ነገር አሲድ ሲያገኝ ነው የሚያዘው።

ቴርሞሜትር ያላችሁ ሰዎች ተጠንቀቁ። የውጭ አሠራሮች ማርማላታ በ104 ወይም 105 ዲግሪ ይረጋል ይላሉ። ያ ለባሕር ዳርቻ አገር ነው። ጎንደር ላይ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ ማርማላታችሁ የሚደርሰው በ97 እና በ98 መካከል ነው። 105ን ስትጠብቁ ከረሜላ ይሆንባችኋል። ቴርሞሜትር ከሌላችሁ ትንሽ የቡና ስኒ ማስቀመጫ ፍሪዘር ውስጥ አቀዝቅዙ፤ ጠብታ ጣል አድርጉበትና ከግማሽ ደቂቃ በኋላ በጣት ግፉት። ላዩ ከተጨማደደና ወዲያው ካልተመለሰ ደርሷል።

ከሱቁ ይልቅ ራሳችሁ መሥራት ከፈለጋችሁ ዘይቱን፣ ጓቫ የምንለው ማለት ነው፣ ከሁሉም ይሻላል፤ ፔክቲኑ ብዙ ነው። ቀቅላችሁ በወንፊት ፍሬውን ለዩ። ለ400 ግራም ንጹሕ ገንፎው 300 ግራም ስኳርና የ1 ሎሚ ጭማቂ ጨምራችሁ ከላይ እንዳልኩት አድርሱት። ውስጡ ቀይ የሆነውን ዘይቱን ምረጡ፤ ነጩ በቀዳዳው ሲታይ አያምርም።

5. ቅቤውን ከስኳሩ ጋር ምቱት። ቅቤው በጣት ሲነካ የሚሰረጉድ፣ ግን ያልቀለጠ ይሁን። ቆርጣችሁ ከ100 ግራሙ ስኳር ጋር 2 ደቂቃ ያህል ምቱት፤ በእጅ ከሆነ በእንጨት ማንኪያ እስኪዋሃድ። ለኬክ እንደምናደርገው ነጭ እስኪሆን አትምቱት። የገባው አየር ኦቨን ውስጥ ሲነፋ ጠርዙን ያጣምመዋል። አስኳሎቹን አንድ በአንድ ጨምሩ፤ ቀጥሎ ቫኒላውንና የሎሚውን ልጣጭ። ነጩን አታስገቡ፤ ኩኪሱን ያደርቀዋል። ለሌላ አስቀምጡት።

6. ደረቁን ጨምሩ። የቀረውን ዱቄት፣ የተፈጨውን አልሞንድ፣ ቀረፋውን፣ ቅርንፉዱንና ጨውን አብራችሁ ነፍታችሁ ጨምሩ። ነጭ ዱቄት መታየቱ ሲያቆም እጃችሁን አንሡ። ዳቦ አይደለም፣ አይታሽም። የስንዴ ሊጥ በታሸ ቁጥር ይጠነክራል፤ ኩኪሱም ሲጋገር ይሰበሰብና ድርቅ ይላል። በበጋ ዱቄቱም አየሩም ደረቅ ስለሆነ ሊጡ አልያያዝ ሊል ይችላል። ያን ጊዜ ቀዝቃዛ ወተት በሻይ ማንኪያ እየለካችሁ ጨምሩ፤ ከሁለት ማንኪያ በላይ የሚፈልግ ከሆነ ልኬት ላይ ስሕተት አለ።

7. አቀዝቅዙት። ለሁለት ክፈሉት፤ እያንዳንዱን 2 ሴንቲሜትር ውፍረት እስኪኖረው ጠፍጥፉት። በንጹሕ ፌስታል ጠቅልላችሁ ቢያንስ 2 ሰዓት፣ ቢቻል ሌሊቱን ፍሪጅ ውስጥ አሳድሩት። ኳስ አድርጋችሁ ካስቀመጣችሁት መሀሉ ሳይቀዘቅዝ ዳሩ ድንጋይ ይሆናል። በማደሩ ቅቤው ይጠነክራል፣ ዱቄቱም እርጥበቱን እኩል ይጠጣል። ይህን ደረጃ መዝለል ነው ኩኪሱን ትሪው ላይ የሚያንጣልለው።

8. ዳምጡት። ጠዋት ጀምሩ። በታኅሣሥና በጥር የጎንደር ጠዋት ብርድ ነው፣ ቀትሩ ግን ይሞቃል፤ ወጥ ቤቱ ሳይሞቅ ጨርሱ። አንዱን ግማሽ አውጡ፣ ሌላው ፍሪጅ ይቆይ። በሁለት የመጋገሪያ ወረቀት መካከል አድርጋችሁ ከ3 እስከ 4 ሚሊሜትር እስኪሆን ዳምጡት። በማስመሪያ ለኩ፤ ከ3 ካነሰ ሲሞላ ይሰበራል፣ ከ4 ከበለጠ ድርቡ አፍ የሚሞላ ይሆናል። ጠረጴዛው ላይ ዱቄት አትበትኑ። የተበተነው ዱቄት ሁሉ ሊጡ ውስጥ ገብቶ ያደርቀዋል፤ ወረቀቱ የገባው ለዚህ ነው። ዳር ዳሩ ከተሰነጠቀ ሊጡ በጣም ቀዝቅዟል፣ 5 ደቂቃ ጠብቁት። ወረቀቱ ላይ ከተጣበቀ ሞቋል፤ ከነወረቀቱ ፍሪጅ መልሱት።

9. ቁረጡት። ብርጭቆውን ዱቄት አስነክታችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ተጫኑ፤ አታሽከርክሩት። ክቦቹን ወረቀት በተነጠፈበት ትሪ ላይ በ2 ሴንቲሜትር ርቀት ደርድሩ። የግማሾቹን መሀል በክዳኑ ብሱ። ቀዳዳውን ትሪው ላይ ካስቀመጣችሁት በኋላ ነው የምትበሱት፤ ቀድማችሁ ከበሳችሁ ስታነሱት ክቡ ሞላላ ይሆናል። ታችና ላይ እኩል መሆኑን ቁጠሩ። የተረፈውን ቁርጥራጭ ሰብስባችሁ፣ አቀዝቅዛችሁ አንድ ጊዜ ብቻ ዳምጡ። ከዚያ የቀረው እንዳለ ይጋገርና ልጆች ጾሙ ሲፈታ ይብሉት።

ትሪውን ኦቨን ከማስገባታችሁ በፊት 15 ደቂቃ ፍሪጅ አስገቡት። ቦታ ከሌለ ብርዱ ላይ በረንዳ አውጡት፤ ክዳን አድርጉበት እንጂ፣ ድመቷ ጾም የላትም።

10. ጋግሩ። ኦቨኑን በ170 ዲግሪ 15 ደቂቃ አስቀድማችሁ አሙቁ። ታችኞቹን በአንድ ትሪ፣ ባለ ቀዳዳዎቹን በሌላ ትሪ፣ በየተራ አስገቡ። ባለ ቀዳዳው ከ9 እስከ 10 ደቂቃ፣ ሙሉው ከ11 እስከ 12 ደቂቃ ይበቃዋል። ሁለቱን ቀላቅላችሁ ካስገባችሁ ሙሉው ሳይበስል ባለ ቀዳዳው ያርራል። ደርሷል የሚባለው ጠርዙ ወርቃማ መሆን ሲጀምር ነው፤ መሀሉ ገና ነጣ ያለ ይሆናል። ትንንሾቹ የጠረጴዛ ኦቨኖች ከኋላ በኩል ስለሚበረቱ በአጋማሹ ትሪውን አዙሩት። የመጀመሪያውን ትሪ በሩ ሥር ቆማችሁ ጠብቁ፤ የኦቨናችሁን ጠባይ ያሳያችኋል።

11. አብርዱ። ከኦቨን ሲወጣ ለስላሳ ነው፣ ብታነሱት ይሰበራል። 5 ደቂቃ ትሪው ላይ ይቆይ፤ ከዚያ ወደ ፍርግርግ አዛውሩ። ሙሉ በሙሉ ሳይበርድ ቆርቆሮ አትክደኑት፤ እንፋሎቱ ያረጥበዋል። ለጥምቀት የሚቀመጠውን አሁን ለዩት።

12. ሙሉ። መጀመሪያ ባለ ቀዳዳዎቹን ብቻ ለይታችሁ በሻይ ማጥለያ ስኳር ነስንሱባቸው። ከገጠማችሁ በኋላ ከነሰነሳችሁ ስኳሩ ማርማላታው ላይ ያርፍና ቀዩ ይደበዝዛል። ታችኞቹን ገልብጧቸው፤ ትሪው ላይ የነበረው ጠፍጣፋ ገጽ ወደ ላይ ይሁን። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ማርማላታ መሀል ላይ አድርጉና ከጠርዙ ግማሽ ሴንቲሜትር እየተዋችሁ አሰራጩ። ማርማላታው በጣም ከጠነከረ ትንሽ አሙቁት፤ ውሃ ግን አትጨምሩ፣ ድካማችሁ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ላይኛውን በጠርዙ ይዛችሁ ቀስ አድርጋችሁ አስቀምጡ። በመጨረሻ ቀዳዳው እኩል እንዲሞላ አንድ ጠብታ ጨምሩ።

እንዲህ ሆኖ ሌሊቱን ይደር። ወዲያው ሲበላ ኩኪሱ ይሰባበራል፣ ማርማላታውም በጎን ይወጣል። ሲያድር ከማርማላታው ጥቂት እርጥበት ስቦ ሁለቱ ይያያዛሉ። በሁለተኛው ቀን ነው የሚጣፍጠው፤ ከሦስተኛው በኋላ ይለሰልሳል።

ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም

ኩኪሱ ተንጣሎ ቀዳዳው ከጠፋ፣ ወይ ሊጡ ሞቋል፣ ወይ ቅቤው ቀልጦ ነበር፣ ወይ ኦቨኑ ሳይሞቅ ገብቷል። ቀጣዩን ትሪ ፍሪዘር ውስጥ 10 ደቂቃ አቆዩት። የወጣውን አትጣሉት፤ ቀዳዳ ባይኖረውም ማርማላታ ይይዛል።

ሲነካ ፍርፍር ካለ አልሞንዱ በዝቷል ወይም አስኳሉ አንሷል። አልሞንድ እንደ ስንዴ የሚይዝ ነገር ስለሌለው በዛ ሲባል ሊጡ ይላላል። የሐበሻ እንቁላል ትንሽ መሆኑን የሚረሳ ሰው ይህ ይደርስበታል።

እንደ ጡብ ከደረቀ ሊጡ ታሽቷል ወይም ዱቄት ተበትኖበታል። ከቆረጣችሁት ፖም ቁራጭ ጋር ቆርቆሮ ውስጥ አንድ ሌሊት አሳድሩት፤ ይሻለዋል።

ስኳሩ ከላዩ ከጠፋ ኩኪሱ ሳይበርድ ነስንሳችኋል። ለእንግዳ ከማቅረባችሁ በፊት ቀዳዳውን በክዳን ሸፍናችሁ እንደገና ነስንሱ።

ጥንቃቄ

- አልሞንድና ኦቾሎኒ የማይስማማቸው ሰዎች አሉ፤ ጉዳዩ ማሳከክ ብቻ አይደለም፣ ትንፋሽ እስከ መዝጋት ይደርሳል። በዓል ላይ ሳህኑ እጅ በእጅ ስለሚዞር ውስጡ ምን እንዳለ ለእንግዳ ተናገሩ። ለጎረቤት ስትልኩም እንዲሁ።
- የሚፈላ ማርማላታ ከውሃ ይልቅ ይጋላል፤ ቆዳ ላይም ይጣበቃል። ልጆች ይራቁ። ከነካችሁ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ሥር ያዙት።
- በጣም የሚመር አልሞንድ ካጋጠማችሁ ትፉት፣ ያንንም ፍሬ አትጠቀሙ። መራራው አልሞንድ ሲበላ መርዝ ይፈጥራል። የቆየ ዘይት የሚሸተውም ኩኪሱን ያበላሸዋል።
- የሻገተ፣ የጠቆረ ወይም የተጨማደደ ኦቾሎኒ ለቅማችሁ ጣሉ። ሻጋታው የሚተወው መርዝ በመቁላት አይጠፋም።
- ጥሬ ሊጥ ልጆች እንዳይልሱ። ጥሬ እንቁላልም ጥሬ ዱቄትም ሆድ ያማል።

መብራት ቢጠፋስ? ኦቨን ባይኖርስ?

ኩኪሱ ኦቨን ውስጥ እያለ መብራት ከጠፋ በሩን አትክፈቱ። አጋማሹን ካለፈ በቀረው ሙቀት ሊጨርስ ይችላል፤ ከ10 ደቂቃ በኋላ ተመልከቱ። ገና እንደገባ ከሆነ አውጡና ትሪውን ብርድ ላይ አድርጉት፤ መብራት ሲመጣ ኦቨኑን እንደ አዲስ አሙቁ። የበዓል ዋዜማ ሁሉም ምጣዱን ስለሚጥድ መጋገሩን ለዚያ ቀን አታቆዩት።

ኦቨን የሌላችሁ፣ ወፍራም ብረት ድስት ውስጥ 1 ኪሎ ሻካራ ጨው አንጥፉ፤ በላዩ አጭር ማስቀመጫ አድርጉ። ከድናችሁ በመካከለኛ እሳት 15 ደቂቃ አሙቁ። ድስቱ ውስጥ የሚገባ ትንሽ የብረት ሳህን ላይ ኩኪሱን ደርድራችሁ፣ እሳቱን ቀንሳችሁ ጋግሩ። ጨው የገባው ሙቀቱ ከታች በቀጥታ እንዳይመታው ነው። በአንድ ጊዜ አምስት ስድስት ብቻ ስለሚይዝ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ላዩም አይቀላም፣ ስለዚህ መብሰሉን ከሥሩ ተመልከቱ። በኤሌክትሪክ ምጣድ ላይ አልመክርም፤ ሥሩን ያሳርረዋል። ዳቦ ቤት መላክም አይሆንም፤ የዳቦው ምድጃ ለዚህ ስስ ነገር በጣም ይጋላል።

የጾሙን ስሪት ለሚጠይቁ

በ200 ግራም ቅቤ ፈንታ 180 ግራም ጠንካራ የአትክልት ቅቤ፣ በአስኳሉ ፈንታ 2 የሾርባ ማንኪያ ቀዝቃዛ ውሃ አድርጉ። ሊጡ ከደረቀባችሁም ወተቱን በውሃ ተኩ። የአትክልት ቅቤው ላይ የተጻፈውን አንብቡ፤ አንዳንዱ ወተት አለበት። አስኳል ስለሌለው ስስ ሲሆን ይሰበራል፤ 4 ሚሊሜትር አድርጋችሁ ዳምጡት። ፈሳሽ ዘይት አይሆንም። ሲቀዘቅዝ ስለማይጠነክር ሊጡ ቅርጽ አይይዝም።

አቀማመጥ

ያልተሞላውን ቆርቆሮ ውስጥ በየድርቡ ወረቀት እያደረጋችሁ ደርድሩ፤ ፍሪጅ አያስፈልገውም፣ ፀሐይ የማያገኘው መደርደሪያ ይበቃዋል። ከእንጀራ መሶብ ወይም ከቅመም ዕቃ አጠገብ አታስቀምጡት፤ ቅቤ ሽታ ይስባል። ያልተጋገረው ሊጥ ፍሪጅ ውስጥ 3 ቀን፣ ፍሪዘር ውስጥ አንድ ወር ይቆያል። የተወፈረው ማርማላታ በንጹሕ ብልቃጥ ፍሪጅ ይቀመጥ፤ ለጥምቀት ከመሙላታችሁ አንድ ሰዓት ያህል ቀድማችሁ አውጡት፣ አለበለዚያ ስታሰራጩት ኩኪሱን ይሰብረዋል። የተሞላውን በመንገድ የምትወስዱ ከሆነ፣ ለምሳሌ አዘዞ ላሉ ዘመዶች፣ በቆርቆሮ ጥብቅ አድርጋችሁ በአንድ ድርብ ብቻ ደርድሩት። ከተደራረበ የታችኛው ስኳር የላይኛው ሥር ላይ ይቀራል።